በክንፍ፣ በቤዛና በመጽሐፍ፤ በወላይታና በአካባቢው ታሪክ ውስጥ ስለ ምርኮኛ ልጅ የሚነገሩ ታሪኮች

የሕፃናት ተረት ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተነሣን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ጥያቄ አቅርበውልን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የታሪክ ተማሪ የሚፈልገው ቀኑና ቦታው የታወቀውን ነገር ነው፤ በተረት ውስጥ ግን እንስሳ ይናገራል፣ ሰው ይበራል፣ ወንዝ ዘፈን ይጠይቃል፤ ዘመኑም «ከዕለታት አንድ ቀን» ከመባል በቀር ሌላ ቍጥር የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ስለ ማምለጥ፣ ስለ ነፃነትና ስለ ወገን ለልጆቹ የሚነግራቸው ነገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ልጅ የሚነጠቅበት አገር የተነጠቀ ልጅ ተረት ይኖረዋል። ስለዚህ ተረት የሆነውን ነገር በትክክል ባይነግረን እንኳ ሰዎች የሆነውን ነገር በልባቸው እንዴት እንደ ተሸከሙት ያሳየናል ብለን እናምናለን።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በወላይታና ከወላይታ ጋራ በተያያዘው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የተማረከ ሰው ወደ ወገኑ የሚመለስባቸውን ሦስት መንገዶች መመልከት ነው። እነዚህም በክንፍ ማምለጥ፣ በቤዛ መዳንና በመጽሐፍ መመለስ ናቸው። ከዚህ በኋላ በቤታችን የሰማነውን አንድ ተረት እናቀርባለን፤ ከእርሱም የተነሣውን ጥያቄ ለአንባብያን እንተዋለን።

1. የተነሣንበት ምክንያት

በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር በክፍላችን ውስጥ ከወላይታ የመጣነው ሦስት ብቻ ነበርን። አንድ ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት እናት የተማረኩበት ታሪክ ተነበበልን። የማረካቸው ንጉሥ ሞተለሚ መሆኑ በተነገረ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኛን ተመለከተን። «የእናንተ ሰው ነው» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ሣቁ። ነገሩ የልጅ ቀልድ ነበረና ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኛም እንደ ሌሎቹ ተጨንቀን፣ ምርኮኛዪቱ በሰላም እንድታመልጥ እየተመኘን ስናዳምጥ ነበር። በድንገት ከአምላጪዋ ወገን ወጥተን ከማራኪው ወገን ተቈጠርን።

በቤታችን ግን ሞተለሚ በሌላ መልክ ይታወቃል። ሽማግሌዎች የወላይታን ነገሥታት ሲቈጥሩ የወላይታ ማላ የሚባለውን ሥርወ መንግሥት መነሻ ለእርሱ ይሰጣሉ። ከሶዶ ከተማ በላይ የሚታየው ተራራም ዳሞታ ይባላል። እንግዲህ አንድ ስም ሁለት ታሪክ ነበረው፤ እኛም በሁለቱ መካከል ቆመን ነበር። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ቀን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

2. በክንፍ ያመለጠችው

በገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደ ተጻፈው፣ የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ ወደ ሸዋ ዘምቶ አገሩን በወረረ ጊዜ ካህኑ ጸጋ ዘአብ ከአሳዳጁ ሸሽቶ ወደ ውኃ ገባ፤ ቅዱስ ሚካኤልም በውኃው ውስጥ ጠበቀው። ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ግን ተማረከች። መልኳ ያማረ ስለ ነበረ ወደ ንጉሡ ቀረበች፤ እርሱም ሊያገባት ድግስ አዘዘ። እርስዋ ጸለየች፤ መልአኩም በክንፉ ተሸክሞ ወደ አገርዋ ወደ ዞረሬ መለሳት። ባልዋ በሙሽራ ልብስ ያጌጠችውን ሴት በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባያት ጊዜ መጀመሪያ ማን እንደ ሆነች አላወቀም። ከዚያም በኋላ የተወለደው ልጅ አድጎ ወደ ዳሞት ሄደ፤ ሞተለሚንም አስተምሮ አጠመቀው።

ገድሉ የተጻፈው ታሪኩ ሆነ ከተባለበት ዘመን በጣም ዘግይቶ ነው። ጻድቁ የኖሩት እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ዓመትና በ14ኛው መጀመሪያ ሲሆን፣ የገድሉ ዋና ዋና ቅጂዎች የ15ኛውና የ16ኛው መቶ ዓመት ሥራዎች ናቸው። የዚያን ጊዜው ዳሞት ዛሬ በጎጃም በዚህ ስም የሚጠራው አገር ሳይሆን ከዐባይ በስተ ደቡብ የነበረ መንግሥት ነው። ሞተለሚ የአንድ ሰው ስም ነው ወይስ የዳሞት ነገሥታት ሁሉ ማዕረግ ነው በሚለው ነገር፣ እንዲሁም ያ ዳሞትና የኋላው ወላይታ ምን ያህል እንደሚዛመዱ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። እኛም በዚህ ውስጥ ልንፈርድ አንችልም። የምንመለከተው የታሪኩን አካሄድ ብቻ ነው።

በአካሄዱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ምርኮኛዪቱ የዳነችው በሰው ጕልበት አይደለም፤ ምድራዊው መንገድ ሁሉ ተዘግቶባት ነበርና የቀረው የሰማይ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ተመልሳም ወዲያው አልታወቀችም፤ ማራኪው ያለበሳት ልብስ ገና በላይዋ ነበረ። ሦስተኛ፣ ታሪኩ በማምለጥ አያበቃም፤ የሚያበቃው ማራኪው ራሱ የምርኮኛዪቱን ሃይማኖት ተቀብሎ ከወገን ሲቈጠር ነው።

የበረራ ነገር በአገራችን ብቻ የሚገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1803 ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ የኢግቦ ሰዎች በአሜሪካ በጆርጂያ ጠረፍ፣ በሴንት ሳይመንስ ደሴት ባርነትን እምቢ ብለው ወደ ውኃ ገቡ፤ በርካቶቹም ሰጥመው ሞቱ። በዚያ ጠረፍ የኖሩት የባሮች ልጆች ግን ሰዎቹ አልሞቱም፣ ክንፍ አውጥተው ወደ አፍሪካ በረሩ እያሉ ተረኩት። ቨርጂኒያ ሃሚልተን የተባለችው ደራሲ ስለሚበርሩት ሰዎች የሚናገረውን ተረት እ.ኤ.አ. በ1985 ለልጆች በመጽሐፍ አወጣችው። የሸዋው ካህንና የጆርጂያው ጠረፍ ሰው አንዱ የሌላውን ታሪክ አልሰማም። ነገር ግን ሁለቱም ውኃና ክንፍን አንድ ላይ አደረጉ። መንገዱ ሁሉ በጠላት እጅ ሲሆን የሰው ልብ ወዴት እንደሚመለከት ከዚህ እንረዳለን።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኛቸውን የውጭ አገር የልጆች መጻሕፍት ብናስታውስ ልዩነቱ ይገለጣል። ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው የኦዝ ታሪክ ልጅቱን ከቤትዋ የሚወስዳት ዐውሎ ነፋስ ነው። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 በጀመረው የናርንያ ታሪክም ልጆቹ ወደ ሌላው ዓለም የሚገቡት በቁም ሣጥን በኩል ነው። በሁለቱም ልጆቹ ጠፍተው ይመለሳሉ። ነገር ግን የወሰዳቸው ነጋዴ አልነበረም። ነፋስ ዋጋ አይቀበልም፤ ቁም ሣጥንም ልጅ አይሸጥም። የእኛ አገር ተረት የሚጀምረው ግን ልጁን ከወሰደው ሰው ነው።

3. የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ

በገድሉ ውስጥ ማራኪው ከደቡብ፣ ተማራኪዋ ከሸዋ ነበሩ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የመጣው «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብና የከብት እልቂት የሰሜኑንና የመካከሉን አገር ባዶ አድርጎት ነበር። እህልና ከብት የተረፈው በስተ ደቡብ ነው ይባል ስለ ነበረ፣ ለግዛት መስፋት ከነበረው አሳብ በላይ ይህም ለዘመቻ አንድ ምክንያት ሆነ። በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦራቸውን አስከትለው ወደ ወላይታ ዘመቱ። የጅማው አባ ጅፋርም ከዘማቾቹ መካከል ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ብርቱ መከላከል አድርገው በመጨረሻ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

ከዘመቻው ጋራ ተጕዞ የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርኼይም ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሟል። እርሱ እንደሚለው የንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 1,800 ያህል ባሮችና 18,000 ያህል ከብት ነበረ። ይህ የአንድ ድርሻ ነው እንጂ የምርኮው ሁሉ ቍጥር አይደለም። ከምርኮኞቹም መካከል ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። በዚያ መንገድ ወደ ሸዋ ለሄደው ልጅ የወረደለት ክንፍ መኖሩን የጻፈ የለም።

ይህን ስንጽፍ የአንድን ወገን በደል ብቻ ለመቍጠር አይደለም። የወላይታ መንግሥትም ከመያዙ በፊት በራሱ ውስጥ አይሌ የሚባሉ ባሮች ነበሩት፤ በጦርነት የተያዘ፣ ዕዳ መክፈል ያቃተውም ወደዚህ ይወርድ ነበር። ደግሞም ሸክላ የሚሠሩት ጭናሻዎች፣ ቆዳ የሚፍቁት ደገላዎችና ብረት የሚቀጠቅጡት ዎጋቼዎች ከሌላው ሕዝብ ጋራ በጋብቻና በማዕድ አይገናኙም ነበር። በመኖሪያው ውስጥ እንግዳ ሆኖ የሚኖር ሰው ወላይታ ከመያዙ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣውም ዐዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። ሕግ ግን ሰውን ነፃ ሊያወጣው ቢችልም የማን ልጅ እንደ ሆነ ሊነግረው አይችልም። ይህን የመንገር ሥራ የሚሠራው ታሪክ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ታሪክ በመጀመሪያ የሚመጣው በተረት ነው።

4. በቤዛ የዳነው

በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ታተመ። ደራሲው በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ መጽሐፉም በኋላ በዋናዪቱ ልጅ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የልጆች መጽሐፍ ተብሎ ባይጻፍም የሚናገረው ግን የሁለት መንትያ ልጆችን ታሪክ ነው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ቤዛ ከፍሎ ያስፈታዋል። ወንዱ ልጅ ዋሕድ ያን ውለታ ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋራ ወንድምዋን ፍለጋ ትሄዳለች። በመጨረሻም የማረካቸው አረመኔ ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ ሃይማኖትዋን ይቀበላል፤ የጠፋውም ይገኛል፤ ታሪኩ በሰርግ ያልቃል።

መጽሐፉ ሲታተም ከወላይታ ዘመቻ 14 ዓመት ያህል ብቻ አልፎ ነበር፤ ሰው መሸጥ መለወጡም ገና አልቆመም። ስለዚህ ዋሕድ በነጋዴዎች እጅ መውደቁ በዚያን ጊዜ ለነበረው አንባቢ እንደ ዘንዶና እንደ ጭራቅ ያለ ነገር አልነበረም፤ ጎረቤቱ የሚያውቀው ነገር ነበረ።

ጦቢያን ከገድሉ ጋራ ብናስተያየው አካሄዱ አንድ መሆኑን እናያለን። ክንፉ በወርቅና በልብስ ተተካ፤ ንጉሡ ግን በሁለቱም ስፍራ መጀመሪያ ማራኪ ነው፣ በኋላ የምርኮኛውን ሃይማኖት ይቀበላል፣ ከዚያም ወገን ይሆናል። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ወገን መሆን የሚቻለው ወደ ተራኪው ቤት በመግባት ነው። ይህ ለተራኪው ልጅ ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ ነው። ነገር ግን በሌላው ቤት ተወልዶ የሚያዳምጠው ልጅስ? እርሱ በታሪኩ ውስጥ የሚያገኘው ስፍራ የሚለወጠው ንጉሥ ስፍራ ብቻ ነው። የራሱ እናት፣ የራሱ በር፣ የራሱ መመለስ አልተጻፈለትም። በክፍል ውስጥ የተሰማን ነገር ይህ እንደ ነበረ አሁን እንረዳለን።

5. በመጽሐፍ የተመለሱት

ሦስተኛው መንገድ ከወላይታ ውጭ የተገኘ ነው፤ ለወላይታ ግን ትልቅ ትምህርት ያለበት ይመስለናል። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። አስቴር ጋኖ ደግሞ ነፃ ተወልዳ በልጅነትዋ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ይዘው አስፈቷት። ሁለቱም በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ።

እነዚህ ሰዎች ነፃ ቢወጡም ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። አስቴር ግን በልጅነትዋ የሰማችው ቋንቋ ከእርስዋ ጋራ ነበረ። ወደ 500 የሚደርሱ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቈቅልሾችና ዘፈኖች ሰብስባ ጻፈች። ከእነዚህም ከፊሉ ኦነሲሞስና እርስዋ ባዘጋጁት የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1894 በምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በግዕዝ ፊደል ታተመ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱ ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነቀምቴም አስተማሩ። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 ዐረፈ፤ አስቴር እስከ 1964 ኖረች።

አንባቢ ዓመቱን እንዲያስተውለው እንለምናለን። በምኩሉ አንዲት የተሸጠች ልጅ የሰበሰበችው ተረት ለልጆች በታተመበት በዚያው በ1894 የወላይታ ምርኮኞች ወደ ሰሜን ተነዱ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ እንደ አስቴር ያለች፣ የሰማችውን ሁሉ በልብዋ የያዘች ልጅ አልነበረችም ለማለት አይቻልም። ልዩነቱ ያቺ ወረቀት የሚሰጣት አለማግኘትዋ ነው።

የአስቴር መንገድ ከቀደሙት ሁለቱ በአንድ ነገር ይለያል። በእርስዋ መጽሐፍ ውስጥ ማራኪው እንዲለወጥ አይጠበቅም፤ ምርኮኛውም ሌላ ልብስ እንዲለብስ አይገደድም። ልጁ መጽሐፉን ሲከፍት የአያቱን ድምፅ ያገኘዋል። መመለስ ማለት ይህ ነው። መልአክ በሌለበት፣ የቤዛም ገንዘብ በታጣበት ጊዜ የተገኘ መመለስ ነው።

6. የወላይታ ልጅና መጽሐፉ

በወላይታ ይህ መንገድ የተከፈተው ዘግይቶ ነው፤ ተከፍቶም ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1928 በሶዶ ሥራ የጀመሩት የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ንባብን ለማስተማር ሞክረው ነበር፤ ይሁን እንጂ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከአገር እንዲወጡ ተደረጉ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ይህም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ቋንቋ አገናኝቷል፤ እኛም ዛሬ ይህን የምንጽፈው በዚያው ቋንቋ ነው፣ ውለታውንም አንክድም። ዳሩ ግን ልጁ በማታ የሰማው ተረት በጧት በትምህርት ቤት የሚያውቀው አጣ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ ብዛት በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ወላይትኛም አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በላቲን ፊደል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1991 ዓ.ም. ግን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ለልጆች ቀረበ። በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጽሐፉም እንዲቀር ተደረገ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ስለዚህ ድርጊት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፖለቲካው ነው። እኛ ግን በልጁ ዐይን ብንመለከተው ሌላ ነገር ይታየናል። አራቱ ቋንቋዎች የሚዛመዱ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ይመሰክራሉ፤ የአዘጋጆቹም አሳብ ዝምድናውን ለማጠንከር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመጽሐፉ የተጻፈውን ቋንቋ የማንም ልጅ እናት በቤትዋ አትናገረውም ነበር። ልጁ መጽሐፉን ሲከፍት ድምፁ የሚመስል ነገር ይሰማል፣ ድምፁ ግን የእናቱ አይደለም። አዋቂ ሰው ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ሲል አደባባይ ወጥቶ እስከ ሞት ይደርሳል ብሎ ለሚገረም ሰው መልሱ ምናልባት ከዚህ በታች በምናቀርበው ተረት ውስጥ ይገኝ ይሆናል።

7. የአያታችን ተረትና የጓደኛችን ጥያቄ

አያታችን የሚኖሩት በቢጠና አካባቢ ነው። በልጅነታችን ማታ ከእሳት ዳር ከነገሩን ተረቶች አንዱ እንደሚከተለው ነው። አንዲት ልጅ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን አንድ ሰው ወሰዳት። በቤቱ አስቀምጦ እህል ያስፈጫት ነበር። እናትዋም ስታለቅስ ዐይኗ ጠፋ። ጅቡ የልጅቱን ድምፅ ለመደና ወደ እናትዋ ቤት ሄዶ «እማዬ፣ ክፈችልኝ» አለ። እናት «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀች፤ ጅቡ መልስ አጣና ተመለሰ። ልጅቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ አመለጠች፤ ወንዙን ዘፍናለት አሻገራት፤ ከደጅም ደረሰች። እናት ከውስጥ እንደ ፊተኛው «የማን ልጅ ነሽ?» አለች። ልጅቱ አባትዋን፣ አያትዋን፣ ቅድመ አያትዋን እስከ ጎሳዋ ድረስ ቈጠረች። በሩ ተከፈተ። ከኋላ የመጣው ጅብ በውጭ ቀረ።

የአንዲት አያት ተረት የአንድ ሕዝብ ሁሉ ተረት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ የቀደምነውን ሁሉ እናገኘዋለን። የእግዚእ ኀረያ ባል ወዲያው እንዳላወቃት፣ እዚህም ተመላሺቱ ወዲያው አልታወቀችም። ድምፅ ሊመሰል ይችላል፤ ጅብም ሊለምደው ይችላል። የማይለመደው የትውልድ ቈጠራው ነው። ልጅን በትውልዱ ስም ጠንቅቆ እንዲቈጥር ማስተማር ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ልጅ በሚነጠቅበት ዘመን ቢጠፋ እንዲገኝ የሚሰጠው ስንቅ ነበረ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህን ተረት በትምህርት ቤት ሳለን ለሁለቱ የአገራችን ልጆች አንድ ማታ ነገርናቸው። አንደኛው ሣቀ፤ እርሱም ያንኑ የመሰለ ሰምቶ ነበር። ሁለተኛው ከሸክላ ሠሪዎች ቤት የተወለደ ነበረ። ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ «እኔ ብሆን ኖሮ በሩ ይከፈትልኝ ነበር?» አለ። የሚመልስለት አልተገኘም። ሦስታችንም በክፍል ውስጥ በሞተለሚ ስም በአንድነት ተቈጥረን በአንድነት ተስቆብን ነበር፤ በገዛ ተረታችን ውስጥ ግን ሁላችንም በአንድ በር እንደማንገባ ያን ማታ ዐወቅን።

በመስከረም ለጊፋታ በዓል ወደ አገር በተመለስን ጊዜ ጥያቄውን ለአያታችን አቀረብንላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እሳቱን ቈሰቈሱ። ከዚያም «እናት እኮ ናት» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። መልሱ ትክክል ነው፤ እናት ልጅዋን በቈጠራ ብቻ አታውቅም። ዳሩ ግን ተረቱ እንደዚያ አይልም፤ አያታችንም ይህን ያውቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተረቱን ለታናናሾቻችን ሲነግሩ ሰማን። ልጅቱ ከደጅ ደርሳ ቈጠራውን ስትጀምር እናት ሳታስጨርሳት በሩን ከፈተች።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ስለ ምርኮኛ ልጅ የሚነገሩት ታሪኮች የሚለያዩት በማምለጫው መንገድ ብቻ ሳይሆን ልጁ ተመልሶ ከማን ጋራ እንደሚቈጠር በሚሰጡት መልስም ጭምር ነው። ገድሉና ጦቢያ ወደ ተራኪው ቤት ያስገባሉ። የአስቴር ጋኖ መጽሐፍ ልጁን በገዛ ቤቱ ያገኘዋል። የአያታችን ተረት ደግሞ ቤት ራሱ በር እንዳለውና በሩም የሚዘጋበት ሰው እንዳለ ያስታውሰናል።

አንዳንድ ሰዎች የ1887 ዓ.ም.ን ነገር ማንሣት ቂም ይቀሰቅሳል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ልጆች ጥያቄውን ከእኛ ፈቃድ ሳይጠብቁ በክፍል ውስጥ ያነሡታል። ቂም የሚያድገው ለጥያቄው የሚሆን ታሪክ ሲታጣ ነው እንጂ ሲገኝ አይመስለንም። ደግሞም ማራኪነትና ተማራኪነት በዘመናት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወሩን የተማረ ልጅ ወደ ጓደኛው ዞሮ «የእናንተ ሰው ነው» ለማለት አይቸኵልም።

ስለዚህ በየአገራችን ያለን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ተረት የተነገረበትን ቦታና ቀን እየመዘገብን፣ በተነገረበት ቋንቋ እንዳለ እንድንጽፈው እናሳስባለን። ከዚያ በኋላ ወደ አማርኛ ቢመለስ ለሁሉም ይዳረሳል። በወላይታ ስንሰበስብም ከንጉሥ ዘር እስከ ሸክላ ሠሪው፣ ከአይሌው ልጅ ልጅ እስከ ሌላው ድረስ ከሁሉም ቤት መሰብሰብ ይገባናል። ከአንድ ቤት ብቻ ከሰበሰብን የምናሳትመው መጽሐፍ ከበሩ አንዱን ክንፍ ብቻ የከፈተ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በተማሪ ዐቅም የተሠራ ነው። ስሕተት የሚያገኙበት መምህራንና ጓደኞቻችን ቢያርሙን፣ ከየአገራቸውም የሰሙትን ቢጨምሩበት ደስታችን ነው። የጓደኛችን ጥያቄ ግን በእርማት የሚያልቅ አይደለም። ተረቱን የሚነግር ሁሉ ልጅቱ ከደጅ በደረሰች ቍጥር እንደ ገና የሚመልሰው ጥያቄ ነው።